«ከሞተር ወድቄ ነው» ያልኩት ጉዳት

ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቅሬታ ሰሚ ጽ/ቤት ኃላፊ
ሆሳዕና

አመልካች፦ መምህር አጵሎስ ጠና

ጉዳዩ፦ በሕክምና ካርዴ ምክንያት የተዘጋብኝ መዝገብ እንዲከፈትልኝ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች በጃጁራ የሂሳብ መምህር ነኝ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. «ወረቀት በትነሃል» ተብዬ፣ ስሙን በአባሪው በገለጽኩት ቦታ አሥራ ሰባት ቀን ታስሬአለሁ። በዚያም እጆቼን የፊጥኝ ታስሬ ተሰቅያለሁ፤ ውስጥ እግሬንም ተገርፌአለሁ።

2. በተለቀቅኩ ማግስት ሕክምና ስሄድ ሐኪሟ «ምን ሆነህ ነው?» ሲሉኝ «ከሞተር ወድቄ ነው» አልኩ። እንዲህ በል ያለኝ ሰው አልነበረም። ውሻ መንገድ ገብቶብኝ ነው ብዬም ጨመርኩ። ካርዴ ላይ ይኸው ተጻፈ። ለጎረቤትም ለቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ስደጋግመው ራሴም አመንኩት፤ የውሻው ቀለም ሳይቀር ይታየኝ ነበር።

3. ሰውነቴ ግን አላመነም። የክፍሉ በር ድንገት ሲዘጋ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ እቆማለሁ። ተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ልጽፍ መስሏቸው ደብተር ከፍተው ይጠብቁኛል። ባለፈው ኅዳር እንዲሁ እንደቆምኩ የመውጫ ደወል ተደወለ።

4. የዚያን ዕለት ለባለቤቴ ለወ/ሮ ርብቃ እውነቱን ነገርኳት። «አንተ መቼ ሞተር ነድተህ ታውቃለህ? እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው» አለችኝ።

5. ከዚያ በኋላ ለጽ/ቤትዎ ያቀረብኩት አቤቱታ ግን ካርዱ ታይቶ «ጉዳቱ በመውደቅ የደረሰ ነው» ተብሎ ተዘጋ። ካርዱን ላሳርም ወደታከምኩበት ስሄድ ከጽ/ቤትዎ ደብዳቤ አምጣ እባላለሁ፤ እዚህ ስመለስ ደግሞ የታረመ ካርድ አምጣ እባላለሁ። ስመላለስ ሦስት ወር አለፈኝ። ቃሉ ከራሴ አፍ የወጣ ስለሆነ የማማርረው ሰው እንኳ አጣሁ።

ስለዚህ መዝገቤ እንዲከፈት፣ ትከሻዎቼና እግሮቼ እንደገና በሐኪም እንዲታዩ፣ ቃሌንም በሩ ሳይዘጋ፣ ባለቤቴ አጠገቤ ሆና እንድሰጥ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። በባለሙያዎችዎ ፊት ስቀርብ አሁንም «ወድቄ ነው» ልል እችላለሁ፤ አፌ ለምዶታል። እንዲያ ካልኩ እባክዎ ቶሎ አይጻፍብኝ። ትንሽ ይታገሱኝና እንደገና ይጠይቁኝ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር
አጵሎስ ጠና
(ፊርማ)