ጸጥ ያለ ክፍል ይከራያል

ፌብሩዋሪ 3

ዓሣ አጥቤ አሰጣሁ። ድመቷ ሰረቀችኝ። ይብላኝ ለአንጀቷ፣ ጨው አብዝቼበት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዶን ከባንኮክ ደወለ። ልጄ ገና «ሄሎ» ሳይል ምን እንደሚል አውቃለሁ። «እማዬ፣ ቤቱን እንሽጠውና እኔ ጋ ነይ። ብቻሽን ወድቀሽ ብትቀሪ ማን ያውቃል?» እሱ ጋ ማለት ደመና ጥግ ያለ ፎቅ ነው። መስኮቱ አይከፈትም፣ ጎረቤቱን በስም አያውቀውም። እዚያስ ብወድቅ ማን ያውቃል? ልለው አሰብኩና ተውኩት።

ስምምነታችን ይሄ ነው... የላይኞቹ ክፍሎች ቋሚ ተከራይ ካገኙ ቤቴ እቀራለሁ። ካላገኙ በሚያዝያው አዲስ ዓመት፣ በሶንክራን፣ መኪና ይዞ መጥቶ ይወስደኛል። ስምምነት ስል እሱ ተናገረ፣ እኔ ዓሣ አገላበጥኩ።

ፌብሩዋሪ 6

እንግዳ መጣ! ሦስት ሽማግሌ ፈረንጆች፣ በአንድ ታክሲ ተጣብቀው።

ጡረተኞች ናቸው። ፓታያ ኖረው ኖረው ጫጫታው አንገሽግሿቸዋል። አሁን ቀሪ ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉበት ጸጥ ያለ የባሕር ዳር ከተማ እየመረጡ ነው። ምርጫ ግን አያውቁም። አንዱ ከተማ ባሕሩ ራቀ። አንዱ ነፋሱ በዛ። ሌላው ጋ «ፈረንጅ በዝቷል» አሉኝ... ሦስት ፈረንጆች።

ኖርበርት ጀርመን ነው። መሐንዲስ ነበር፣ አሁን በስልኩ ድምፅ ይለካል። እውነቴን ነው፣ በረንዳዬ ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ አየሩ ዘርግቶ ለካ። ዴዝመንድ እንግሊዛዊ ነው፤ ቀይ፣ ወሬኛ፣ ድሮ የእግር ኳስ ዳኛ ነበር፣ አሁንም ያየውን ሁሉ ይዳኛል። አርቪድ ኖርዌያዊ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። ሚስቱ የእኛ አገር ሰው ነበረች፣ ሞታበታለች። ቋንቋችንን እንደኛው ይናገራል። ለሁለቱ የሚተረጉመው እሱ ነው።

ገና ሻንጣ ሳያወርዱ የጎረቤት አውራ ዶሮ ጮኸ። ዶሮው ሳይጨርስ ፕራዩን፣ የመንደሩ ሹም፣ በድምፅ ማጉያው ስለ ትንኝ መድኃኒት ርጭት መለፍለፍ ጀመረ። ፕራዩን ሳይጨርስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነና ጎረቤቴ እትዬ ላማይ ልትዘፍን ማይኳን አነሳች...

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለ ዴዝመንድ።

ባቡር ጣቢያ ትኬት ስሸጥ በለቀምኳት እንግሊዝኛ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ኧረ ዛሬ በዓል ስለሆነ ነው!» አልኩት።

አርቪድ አየት አደረገኝ። በዓሎቻችንን ያውቃቸዋል መሰለኝ። ግን አላጋለጠኝም። ለአንድ ወር ሊሞክሩኝ ተስማሙ፤ ከተመቻቸው ለዓመታት ይፈርማሉ።

ፌብሩዋሪ 7

ጸጥታ ፍለጋ ስዞር ዋልኩ።

መጀመሪያ ፕራዩን ጋ። «ያንን ማጉያህን ቀንስልኝ።»

«እትዬ ራምፓይ፣ የመንግሥት ሥራ እኮ ነው!»

«እሺ፣ አፉን ወደ ባሕሩ አዙረው።»

አዞረው። አሁን ስለ ትንኝ ርጭት የሚሰሙት ዓሣዎቹ ናቸው።

አውራ ዶሮው በሚቀጥለው መንደር ወደ ባለቤቱ እህት ቤት በእንግድነት ሄደ። የቤተ መቅደሱን ውሾች፣ ከጠገቡ ዝም ይላሉ ብዬ ሩዝ በዓሣ አበላኋቸው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ለተረት ይመስለኝ ነበር። ተከትለውኝ መጥተው በሬ ላይ ጮሁ።

የከበደኝ እትዬ ላማይ ናት። ከአጥሬ ማዶ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድም ቀን ሳታጓድል በአሥራ አንድ ሰዓት ትዘፍናለች። ድምፅ የላትም። አምና ጉንፋን ይዟት አንድ ቀን ብትቀር የሰፈሩ ግማሽ ሾርባ ይዞ በሯ ላይ ተኮለኮለ። እኔም ነበርኩበት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ስረግማት የኖርኩት።

«አንድ ወር ብቻ ነው እትዬ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ?»

«ወርቄን ሸጬ አይደል እንዴ ይሄን ማይክ የገዛሁት!»

ሳቅን። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «እውነት ያ ልጅ ሊወስድሽ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ማይኩን በፎጣ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። «አንድ ወር። ከንፈሬን ማንቀሳቀስ ግን አልተውም።»

ፌብሩዋሪ 13

ደስ ብሏቸዋል! ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ይደረደራሉ፣ ቢራቸው ውስጥ በረዶ ይጨምራሉ (ይሄን ከኛ ተምረዋል)፣ ስለ ጸጥታ ጮክ ብለው ያወራሉ።

«እውነተኛዋ ታይላንድ ይቺ ናት» አለኝ ዴዝመንድ። «ሕዝቡ በተፈጥሮው ዝምተኛ ነው። እናንተ ዋጋውን አታውቁትም፣ ወይዘሮ ራምፓይ።»

አናውቀውም? በእሱ ምክንያት አውራ ዶሮ ተሰዷል! መንደሩ በሙሉ በእግሩ ጣት ነው የሚሄደው። መጥረጊያ ሻጩ ትናንት በመኪናው እየለፈፈ ሲመጣ ሴቶቹ በሁለቱም በኩል ወጥተው «ሽሽሽ!» አሉት። ሰው ሞቶ መስሎት ኮፍያውን አወለቀ።

ፌብሩዋሪ 19

ጸጥታ። ራሴን አመመኝ።

ፌብሩዋሪ 25

ዛሬ ደግሞ ኖርበርት አቤቱታ ይዞ መጣ። ጣሪያው ውስጥ የሚጮህ እንሽላሊት አለ፣ አንድ ነገር ይደረግልኝ። ምን ላድርገው? ልምከረው?

እትዬ ላማይን በአጥሩ በኩል አየኋት። አበባ ታጠጣለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሳቅኩ፣ እሷም ሳቀች። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጆሮዬን ወደ አጥሩ ጣልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም...

ዶን ደወለ። «ሊፈርሙ ነው» አልኩት። «እስቲ እናያለን» አለ። አባቱን ቁርጥ።

ማርች 4



ጠዋት ኖርበርት ቀበቶውን ሳይታጠቅ፣ አርቪድን እየጎተተ ከላይ ወረደ። ተቆጥቷል። አርቪድ ተረጎመልኝ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድ ሰው የሆነ ነገር እየደበደበ እንቅልፍ ነሳኝ ነው የሚለው። ያቆምና እንደገና ይጀምራል። ለክቼዋለሁ፣ ማስረጃ አለኝ ይላል።» ኖርበርት ስልኩን ዓይኔ ላይ ደቀነው። ቀይ መስመር ይወጣል፣ ይወርዳል።

«ከየት በኩል?»

በጣቱ አሳየኝ። ከአጥሩ ማዶ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። እትዬ ላማይ መታጠቢያ ቤቷ ወለል ላይ... ዳሌዋ ተሰብሮ። የወደቀችው ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ማታ ላይ ጮኻ ድምፅዋ ቶሎ ሲያልቅባት በፕላስቲክ ጆግ ግድግዳውን ስትመታ አድራለች። የፈረንጆቹ ክፍል ወደዚያ ነው፣ የኔ ወደ መንገዱ። የሚሰማ ሰው ሰምቷታል። ስልክ ዘርግቶ!

ድሮ ቢሆን አሥራ አንድ ሰዓት ሲያልፍ ሰፈሩ በሯን ያንኳኳ ነበር። ትናንት በዚያ ሰዓት እኔ በረንዳ ላይ ሻይ እጠጣለሁ። ዴዝመንድ «እንዴት ደስ ይላል ጸጥታው» አለኝ። እኔም «አዎ» አልኩት።

ማርች 5

ሆስፒታል ዋልኩ። ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል። ፊቷ የሕፃን ፊት አክሏል።

«እትዬ፣ ያን ሁሉ ሰዓት... ለምን ቀደም ብለሽ አልጮህሽም? ልክ እንደወደቅሽ?»

«አንድ ወር ብለሽኝ የለ? ወሩ መች ሞላ።»

ቀልዷን ነው። ቀልዷን ይሆናል... አልጠየቅኳትም። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ማርች 6

ነገርኳቸው። ሦስቱንም በረንዳ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ በዓል ያልኩት ውሸት እንደነበር፣ ማጉያው እንደዞረ፣ ማይኩ በፎጣ እንደተጠቀለለ።

«አውራ ዶሮውም?» አለ ዴዝመንድ።

«አውራ ዶሮውም! ነገ ይመለሳል። ሁሉም ይመለሳል፣ ሁሉም ይጮኻል። እናንተ ጸጥታ ስለፈለጋችሁ፣ እኔ ቤቴን ስለፈለግኩ ሰው ልገድል ነበር። የማይመቸው ካለ ታክሲ እጠራለሁ!»

ወደ ላይ ወጡ። ሻንጣ ሲጎተት ይሰማኛል። በቃ፣ ቤቴ ሄደ። ለዶን ልደውልለት? ነገ...

ማርች 7

ያለ ሻንጣ ወረዱ።

የኖርበርት ዓይን ደም መስሏል። በአርቪድ በኩል «ሰው ይሞት ነበር፣ እኔ እለካ ነበር» አለ። ደገመው። ልናደድበት ፈልጌ አንጀቴን በላው።

ከዚያ አርቪድ የራሱን ነገር ተናገረ። አራት ነበሩ። አራተኛው ሄንሪክ ይባላል። ፓታያ ውስጥ ጸጥ ያለ ፎቅ መርጠው አስገቡት፣ ግድግዳው ድምፅ አያሳልፍም። እዚያው ሞተ። ጎረቤት ያወቀው ሽታው ሲወጣ ነው። እነሱ በዚያ ሳምንት ውስጥ ስለ እሱ ሦስት ጊዜ አንስተዋል፣ «አኩርፎ ይሆናል» እየተባባሉ።

«ታዲያ ይሄን እያወቃችሁ ነው ጸጥታ ጸጥታ የምትሉት?»

«ሽማግሌ ወንድ ፈራሁ አይልም፣ ወይዘሮ ራምፓይ። ጫጫታው በዛብኝ ነው የሚለው።»

ቁርስ ሠራሁላቸው። ሌላ ምን ላድርግ?

ማርች 10

ኖርበርት ደንብ አወጣ። ጀርመን አይደል? ሦስቱም ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ድምፅ ያሰማሉ። ድምፁ ያልተሰማ በሩ ይደበደባል። መልስ ካልሰጠ በሩ ይሰበራል። (በሩ የኔ ነው!)

ኖርበርት ሁለት የድስት ክዳን ያጋጫል፣ ከወጥ ቤቴ የወሰደውን። ዴዝመንድ የዳኝነት ፊሽካውን ይነፋል። አርቪድ የኖርዌይ ዘፈን ይዘፍናል... ከእትዬ ላማይ የባሰ አለ ብዬ አልሜም አላውቅ።

ማርች 15

ፕራዩን እያፈረ መጣ። «እትዬ፣ ሰዉ ማማረር ጀምሯል። አውራ ዶሮው እንኳ ግራ ገብቶት መጮህ ትቷል። ተከራዮችሽ ትንሽ ቢቀንሱ?»

«ወደ ባሕሩ ላዙርልህ?»

ማርች 26

እትዬ ላማይ በተሽከርካሪ ወንበር ተመለሰች። ኖርበርት ድምፅ ማጉያዋን ተሸክሞ አወጣላት። ገመዱን ሰካላት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዘፈነች። አሁንም ድምፅ የላትም።

ሦስቱም ፈረሙ። ለአምስት ዓመት። ዴዝመንድ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ ተስፋው ደስ ይላል።

ኤፕሪል 12

ዶን መጣ። ውሉን አሳየሁት። አነበበው፣ መለሰልኝ።

«ጥሩ። ግን የኔ ጥያቄ ኪራይ አይደለም እማዬ። ብትወድቂ ማን ያነሳሻል? እነዚህ? እነሱን ራሳቸውን ማን ያነሳቸዋል?»

«ስምምነታችን እኮ...»

«የእትዬ ላማይን ነገር ሰምቻለሁ። አጠገብሽ ሆና አንድ ሌሊት ሙሉ ወለል ላይ አደረች። አንቺስ?»

እውነቱን ነው። ልብሴን ራሱ አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ከተተና መኪናው ላይ ጫነው። ከበዓሉ በኋላ እንሄዳለን። ቤቱን ፈረንጆቹ ይጠብቁታል ይላል። ልጄ ክፉ ሆኖ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ኤፕሪል 14

ትናንት የበዓሉን ውሃ ስንረጫጭ ዋልን። ዴዝመንድ በባልዲ አሳደደኝ። ደክሞኝ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ጠዋት የነቃሁት በሩ ሊገነጠል ሲል ነው። ክዳን፣ ፊሽካ፣ ሰው፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ዶን ከጎኔ ካለው ክፍል ተደናብሮ ወጥቶ ከፈተ። አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

«እናትህ የት ናት?» የአርቪድ ድምፅ ነው።

«ተኝታለች።»

«አይተሃታል?»

«ተኝታለች አልኩህ እኮ» አለ ዶን።

«አይተሃታል ወይ ነው የምልህ!»

«አላየኋትም... ምን ሆናችሁ?»

«የብረት በሯን አልከፈተችም» አለች እትዬ ላማይ። በወንበሯ ገፍተው አምጥተዋት ነበር። «ሁልጊዜ ከሁላችንም ቀድማ ነው የምትከፍተው። ሲጢጥ ይላል። ዛሬ አላለም። እነዚህ ሽማግሌዎች በፒጃማ ሮጠው መጡ፣ አንተ አጠገቧ ተኝተህ ታንኮራፋለህ?»

የኔን በር የሚያዳምጥ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ነቃሁ አልነቃሁ ብሎ የጠበቀኝ የለም ብዬ ነበር የማስበው። አንሶላውን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ ወጣሁና አበባዬን ስለረገጡ ተቆጣኋቸው።

ዶን ከምሳ በኋላ ሄደ። ሻንጣዬን ከመኪናው አውርዶ ደረጃው ላይ አኖረልኝ። ሲወጣ አየሁት፣ በሩ ጋ ቆሞ የኖርበርትን ስልክ ቁጥር እየመዘገበ ነበር።