በስሜ የተቆለፈው የአባዬ ታሪክ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለገመቹ ባልቻ፣
ጆሃንስበርግ

ወንድምዓለም፣ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ስትቆም የሚያምህ ወገብህ ተሻለህ? እህል ትበላለህ ወይስ በዳቦ ነው የምትውለው? አብረውህ የሚኖሩት ልጆችስ ሰው ሆነውልሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እኔም ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለኝ። ሰው ሁሉ ይለመዳል ይለኛል፤ ውሸት ነው፣ አልለመድ ብሎኛል።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ጋዲሳ ነው፣ የጎረቤታችን የመነን ልጅ። ከደብዳቤው ጋር የታተመ ወረቀት ይሰጥሃል። አዎ፣ ያ አልከፈት ብሎ ሲያንገበግበን የከረመው የአባዬ ታሪክ ተከፈተ! እንዴት እንደሆነ በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን ድምፅህን ከሰማሁ አለቅሳለሁ፣ ካርዱም ያልቃል።

መቼም እሁድ እሁድ የጽሕፈት ሱቃችንን ዘግተህ አባዬን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጠህ፣ እሱ የሹፌርነት ዘመኑን ሲያወራ አንተ ስትጽፍ የነበረውን አትረሳውም። ደንበኛ እንዳያየው፣ ይልቁንም እማዬ ስለ ገደብ ከተማ ልጃገረዶች ያወራውን እንዳትሰማ ብሎ «ቁለፍልኝ» አለህ፣ ሳጥን ይመስል። አንተም ቆለፍክና መንገድህን ሄድክ።

ባለፈው ክረምት ካመመው ወዲህ እግሩስ ተሽሎታል፤ መርሳቱ ግን ባሰበት። ያን አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ቡና ጭኖ ከገደብ ዲላ ዓይኑን ጨፍኖ የሚነዳ ሰው፣ በቀደም ከገበያ ወደ ቤት መንገዱ ጠፍቶት ሰው እጁን ይዞ አመጣው። እማዬ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ዋለች። እሱ ራሱ ያውቀዋል እኮ፣ ሆዴን የሚበላኝ ይኼ ነው። «የነገርኩትን አንብቡልኝ፣ እየጠፋብኝ ነው» ይላል። ያ ፋይል ካልተከፈተ የድሮው አባታችን የትም የለም ማለት ነው።

ስደውልልህ የይለፍ ቃሉ ያንቺ ስም ነው አልከኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ብጽፈው ግን ወይ ፍንክች! በትልቁም በትንሹም ፊደል ሞከርኩት። ተሳስተሃል ስልህ አልተሳሳትኩም ብለህ ጮህክብኝ፣ ስልኩም ተቋረጠ። ያን ቀን ተቀይሜሃለሁ። የሌላ ሴት ስም ይሆናል ብዬ ሳምራ፣ ሶፍያ እያልኩ የሰፈሩን ኮረዳ ሁሉ ጻፍኩ፤ አንዷም አልከፈተችውም። ቡሌ የምትኖረውን አያታችንን ስም፣ የምትደግፈውን ቡድን፣ የልጅነት ቅጽል ስምህን ሁሉ ሞከርኩ። አንተን የማውቅህ ይመስለኝ ነበር፤ እያደር ግን መጠራጠር ጀመርኩ።

ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራየው ሰይድ፣ ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ክፍል የሚሠራው የወሎ ልጅ፣ ቁልፍ የሚሰብር ፕሮግራም አምጥቶ ጫነልኝ። ማሽኑ ሲያጉረመርም ሰነበተ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። በመጨረሻ ሰይድም በእንግሊዝኛ ፊደል ያልሞከረው ነገር እንደሌለ ነግሮኝ እጁን ሰጠ።

ማክሰኞ ዕለት ለአንድ ሰውዬ ማመልከቻ በአማርኛ ጽፌ ሸኘሁት። ከዚያ እልህ ያዘኝና የአባዬን ፋይል ጠርቼ እንደገና ስሜን መታሁ። የአማርኛ መጻፊያውን ሳላጠፋ ነበር። እዚያች የይለፍ ቃል መጻፊያ ሳጥን ውስጥ ከኮከብ በቀር ፊደል አይታይ፣ በምን ቋንቋ እንደጻፍኩ በምን ልወቅ? ተከፈተ! ክው ብዬ ቀረሁ። ለካ አንተም ያን ዕለት የአባዬን ወሬ በአማርኛ ስትጽፍ ቆይተህ፣ አማርኛውን ሳታጠፋ ነው የቆለፍከው። ስሜን አልረሳህም ወንድሜ፣ በከንቱ ነው የተቀየምኩህ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ የመጣች ተማሪ ሰው የሞተብኝ መስሏት አይዞሽ ስትለኝ ነበር።

ያንኑ ቀን አትሜ ቤት ወስጄ ለአባዬ አነበብኩለት። መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ እማዬ ቆጮ ይዛ መጥታ፣ ሹፌር ነህ ወይስ የጭቃው ዘበኛ ብላ ያሾፈችበት ቦታ ስደርስ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «አይ፣ ዝናቡ የመጣው ከዚያ በፊት ነው» ብሎ አረመኝ፣ አስበው! እማዬ ደግሞ የልጃገረዶቹን ወሬ ከሰማች በኋላ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን የማላውቀው መስሎህ ነው የምታስቆልፈው ብላ አፈር አበላችው። እንደዚያ ስቀን አናውቅም።

ጽሑፉ ግን «ከዚያም መኪናዬን አስነስቼ» ላይ ያልቃል። የመሄጃህ ሰሞን ነበረ መሰለኝ። ቀጥልና ንገረኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ ብዬ ለመንኩት። እሱ ግን አልቀጠለልኝም።

ገመቹ፣ ምን ተስፋ አድርገህ እንደሄድክ ስለማውቅ ና ልልህ አልፈልግም ነበር። ግን ና። ለጥቂት ቀንም ቢሆን ና።

እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ስማሃለች፤ ወገብህን በሞቀ ጨርቅ እሰረው ትላለች። ሰይድ ሰላም ብሎሃል፤ በቁልፍህ ሥራ ስላስፈታኸው ቂም ይዟል፣ ስትመጣ ትታረቀዋለህ። እትዬ መነን ልጄን አደራ ብላሃለች። አባዬ ሰላም በይልኝ አላለኝም። ከሰዓት ሲሆን ኮቱን ለብሶ ሱቅ ድረስ ይከተለኝና፣ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ በሩን በሩን ያያል። «ያ የሚጽፈው ልጅ የት ሄደ? ገና አልጨረስኩለትም» ይለኛል።

እህትህ ወርቂቱ ባልቻ
ዲላ፣ ኅዳር 19 ቀን 2002 ዓ.ም.