በእንግዳ ክፍል ኃላፊ በሲስተር ወለተሐና ቢረሳው ዕረፍት የተሰማን ሐዘን

ለጤና ጣቢያችን ሠራተኞች፣ ለማኅበራችን አባላት፣ እንዲሁም ለነገሌ ቦረናና ለአካባቢው ሕዝብ በሙሉ፦

የጤና ጣቢያችን ዋና ነርስና የሱስ ሕክምና ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሲስተር ወለተሐና ቢረሳው ለሥራ ሄደውበት ከነበረው ከዶሎ ሲመለሱ በያዛቸው ወባ ታመው መጋቢት 11 ቀን 1965 ዓ.ም. በተወለዱ በ44 ዓመታቸው ማረፋቸውን የጤና ጣቢያው ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር በታላቅ ሐዘን ያስታውቃል። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግሥቱ በነገሌ ተፈጽሟል።

ሐዘናችን ጥልቅ ነው ብሎ መጻፍ ደንብ ነው፤ ጽፈናል። እውነቱ ግን ነገሩ ገና አልገባንም። ነጭ ጋዋናቸው ከክፍሉ በር ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ያወረደው የለም። ጠዋት በሩ ሲንቋቋ ሁላችንም ቀና እንላለን፤ ከዚያም ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ከመካከላችን ያለቀሱት ጥቂቶች ናቸው። ቀሪዎቻችን እንዲሁ ፈዘን እንውላለን።

ቀብሩ በተፈጸመ ዕለት የበላይ መሥሪያ ቤት ባስተላለፈው ትእዛዝ ተተኪ ነርስ እስኪመደብ ድረስ ክፍሉ አዲስ በሽተኛ እንዳይቀበል ተወስኗል። ተተኪው መቼ እንደሚመደብ አልተገለጸም። በእኛ አገር «እስኪመደብ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ስለዚህ ይህ መግለጫ ስለ ሲስተር ብቻ ሳይሆን ስለ ክፍሉም ነው።

ሲስተር ወለተሐና በደብረ ማርቆስ ከተማ በ1921 ዓ.ም. ተወለዱ። በአዲስ አበባ የነርስነት ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1949 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከሻምበል ወልደሥላሴ አያሌው ጋር ወደ ነገሌ መጡ። ሻምበል በጦር ሰፈሩ፣ ሲስተር በጤና ጣቢያው ሥራ ጀመሩ።

በ1956 ዓ.ም. በጠረፉ ውጊያ የቆሰሉ ወታደሮች በብዛት ወደ ከተማችን መጡ። ሥቃያቸውን የሚያስታግሰው ሞርፊን ነበር። ቁስሉ ሲድን መርፌው ግን ልማድ ሆኖ ቀረ። «መርፌ የለመደ» የሚለው አነጋገር በነገሌ የተለመደው ያን ጊዜ ነው። ሻምበል ወልደሥላሴም ከቆሰሉት አንዱ ነበሩ፤ በ1957 ዓ.ም. አረፉ። ሲስተር የአሟሟታቸውን ነገር ከማንም አልደበቁም። ለለቅሶ የመጣውን ሁሉ «ባሌን ጥይት አልገደለውም፤ እኛ የወጋነው መርፌ ነው የገደለው» ይሉ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. መርፌ ለለመዱ ሰዎች የተለየ የሕክምና ክፍል እንዲፈቀድ ሲስተር ጠየቁ። «ጤና ጣቢያ የአመለኞች ማረሚያ አይደለም» የሚል መልስ ተሰጣቸው። በሽተኞቹን በረንዳ ላይ ያክሙ ጀመር። የሞርፊኑን መጠን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ማስተው ዘዴው ነበር። ሆኖም አብዛኞቹ ገና በር ላይ ሲደርሱ ስም፣ ማዕረግ፣ መርፌውን ከየት እንደሚያገኙ ስለሚጠየቁ ዞረው ይሄዱ ነበር።

የዚህ መላ የተገኘው ለጤና ጣቢያው ወተት ከሚያቀርቡት ከወይዘሮ ጉያቱ ነው። አንድ ቀን አንድ ወታደር በር ላይ ቆሞ ሲጠየቅ አይተው «ናጋ ነው፣ ሲስተር? ኬሱማ ሳይጠጣ ወሬ ይጠየቃል እንዴ? መጀመሪያ ይጠጣ፣ ኋላ ራሱ ይናገራል» አሉ። በኦሮምኛ ናጋ ሰላም፣ ኬሱማ ደግሞ እንግዳ ማለት ነው። ሲስተርም ባደጉበት አገር የእግዜር እንግዳ ማን ነህ ሳይባል ይገባ እንደነበር አስታወሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጤና ጣቢያችን የሱስ ሕመምተኛ ወተት ሳይጠጣ ስሙ ተጠይቆ አያውቅም። ሲስተርም በሽተኛ ብለው አይጠሩትም ነበር፤ እንግዳ ነው የሚሉት።

በ1959 ዓ.ም. ሲስተር ለእንግዶች ክፍል አልጋ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ያለ አንዳች ክርክር ተፈቀደ። የበላይ መሥሪያ ቤት እንግዳ ሲባል ለጉብኝት የሚመጣ ባለሥልጣን መስሎት ነበር። አልጋ፣ ብርድ ልብስና መስተዋት ያለው የፊት መታጠቢያ ተላከ። ሲስተር አልዋሹም፤ ያሉት ያንኑ ሁልጊዜ የሚሉትን ነው። መስተዋቱ ዛሬም አለ፤ ያገገሙት ጢማቸውን ይላጩበታል።

በ1960 ዓ.ም. አንድ ተቆጣጣሪ ሻንጣቸውን ይዘው ሊያርፉ መጡ። ክፍሉ ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ ተኝቶ የነበረው ሃምሳ አለቃ ገብረአምላክ አልጋውን ሊለቅ ተነሥቶ «ጌታዬ፣ እርስዎም ለመዱ እንዴ?» አላቸው። ተቆጣጣሪው ሻንጣቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ። ወተት ቀረበላቸው፤ ጠጡ። ስማቸውን ማንም አልጠየቃቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ክፍሉ የመንግሥት የሱስ ሕክምና አገልግሎት ሆኖ ታወቀ፤ መድኃኒትና ሠራተኛም ተመደበለት። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አልተለወጠም፤ «የእንግዳ ክፍል» ይላል።

ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ሲስተር በሜጋ መንገድ እንቅልፍ የሚያባርር ኪኒን የለመዱ የከባድ መኪና ሾፌሮችንና በወደራ ከተማ አረቄ የጣላቸውን ሰዎች አክመዋል። ባለፈው ዓመት ሥራውን እስከ ዶሎ አደረሱት። ዶሎ ሙቀቱ ይጎዳዎታል ብለን ነበር፤ አልሰሙንም።

የታከመ ሁሉ ድኗል አንልም። የቀበርናቸው አሉ። ድነው ወጥተው እንደገና መርፌ የያዙም ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው አንገቱን ደፍቶ በር ላይ ሲቆም ሲስተር አይቆጡም፣ አይመክሩም፤ «ቤቱን ታውቀዋለህ፤ ግባ» ይሉ ነበር። እኛ እንቆጣ ነበር። እሳቸው ግን ወተቱን ያስመጡ ነበር።

አሁን በክፍሉ ውስጥ አሥር አለቃ ተክሉ ተኝቷል። የመርፌው መጠን እየተቀነሰለት ነው፤ ገና አልጨረሰም። የሲስተርን ዕረፍት ስንነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ወጥቶ ይሄዳል ብለን ፈርተን ነበር። እስከዛሬ አልሄደም።

ማኅበራችን በወደራ መምህርት ለሆኑት ለልጃቸው ለወይዘሪት የሺ ወልደሥላሴ፣ ለወይዘሮ ጉያቱ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ በዚያ በር ገብተው ለወጡ ሁሉ፣ ገብተው ላልወጡትም ቤተሰቦች መጽናናትን ይመኛል። ለደከመው ሁሉ በር የከፈቱትን እናታችንን እግዚአብሔር እሳቸው ሰው በሚቀበሉበት አቀባበል ይቀበልልን። ከዚህ የተሻለ ምርቃት አናውቅም።

በመጨረሻም አንድ ጉዳይ ለበላይ መሥሪያ ቤት እናስታውቃለን። ከቀብሩ በኋላ አንድ ሾፌር ከሜጋ መጥቶ በር ላይ ቆመ። «ሲስተር አሉ?» አለ። ወይዘሮ ጉያቱ ያመጡት ወተት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሰጠነው። ቁጭ ብሎ ጠጣ። ማን እንደሆነ አልጠየቅነውም። አሁን ከአሥር አለቃ ተክሉ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ተኝቷል።

የተሰጠውን ትእዛዝ አክብረናል። አዲስ በሽተኛ አልተቀበልንም። የመጣው እንግዳ ነው።

የነገሌ ቦረና ጤና ጣቢያ ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር
ነገሌ፣ መጋቢት 1965 ዓ.ም.