ሬንጁ የወጣበት ሰዓት

ስቶክሆልም፣ ሰኞ ኅዳር 7 ቀን 1957፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

አምስተኛው በርሜል ተከፈተ። ከካናዳ የመጣው ጥቁር አሸዋ ያው ነው። ይሸታል፣ ጥፍር ውስጥ ይገባል፣ አይለቅም። አሸዋውን በሙቅ ውሃና በሶዳ እዘፈዝፋለሁ፤ ሬንጁ ተንሳፎ ሲወጣ እገፈዋለሁ፣ እመዝናለሁ። ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ፕሮፌሰሩ (ላንተ ለማስታወሻ ደብተሬ ፕ/ር ይበቃል) ቶሎ እንዲወጣ ይፈልጋል። ማን የማይፈልግ አለ? ስንት ዓመት ተምሬ አሸዋ አጣቢ ሆኜ ቀረሁ።

ለላቦራቶሪው መዝገብ በነሱ ሰዓት እጽፋለሁ፣ ላንተ በኛ። ሁለት ዓመት ሙሉ አላምታታሁም። ጎበዝ በለኝ እንጂ!

ደብዳቤ መጣ፣ ከወንድሜ። ሁሉም ደህና። እናቴን ጉንፋን ብጤ ይዟት ነበር፣ ተሽሏታል። እሷ ሁልጊዜ ከታች የምታስጽፋት «ብርድ እንዳይመታህ» የለችም። ረስተዋት ይሆናል።

ረቡዕ ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አሸዋውን ዘፈዘፍኩ። ቀትር ላይ ጋሼ መኩሪያ በሩ ላይ ቆመዋል። ከሁላችን ቀድመው ለትምህርት የመጡ፣ ዛሬ የድልድይ መሐንዲስ፣ እዚህ ላለነው ሁሉ ታላቅ ወንድም። መርዶ በማለዳ ነው እንጂ በቀትር አይነገርምና ጎሕ ሲቀድ ሶደርማልም ሰፈር፣ ክፍሌ ድረስ ሄደው ነበር። እኔ ወጥቻለሁ። በኋላ በቱንነልባና፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ተሳፍረው ላብ. ድረስ መጡ።

ኮሪደሩ ላይ አስቀመጡኝ። እናትህ አረፉ አሉኝ። መስከረም መባቻ ላይ። አርባዋም ወጥቷል። በሰው አገር ብቻውን አይስማ ተብሎ ለሳቸው ተጽፎ ኖሯል። ከቤት የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ውሸት።

አላለቀስኩም። ጋሼ መ. አለቀሱ። መሐረቤን ሰጠኋቸው። ከዚያ ሬንጁ እንዳያልፍብኝ ብዬ ተመለስኩ። ገፈፍኩ፣ መዘንኩ፣ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። ማታ ዓሣ በላሁ፤ ጨው በዝቶበታል። ሌላ ምንም አይሰማኝም።

ሰኞ ኅዳር 14፣ ማታ

ላብ. ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም። ማን ጠየቀኝ?

ፕ/ር ዛሬ መዝገቡን አየ። የረቡዕ ለት የስምንት ሰዓቱን ያህል ሬንጅ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወጥቷል። መጥቶ እጄን ጨበጠኝ፤ ሁለት ጊዜ። እንዲህ ሲፈነድቅ አይቼው አላውቅም። አርብ የአሸዋው ባለቤቶች ይመጣሉ፣ ይህንኑ ያቀርባል። ከተቀበሉት አንድ ዓመት ይጨመርልኛል፣ ዲግሪዬን እጨርሳለሁ። ካልተቀበሉት ሥራው ይዘጋል፣ እኔም ወደ አገሬ፣ ባዶ እጄን።

ጥሩ ነው አልኩት። ደስ አላለኝም። አልከፋኝምም።

ማክሰኞ ኅዳር 15

ደገምኩት። በሁለት ሰዓት ጠብ የሚል የለም። እንደገና ደገምኩት። የለም። ገና አሥር ሰዓት ሳይሞላ ጨለመ።

ረቡዕ ኅዳር 16፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

አገኘሁት። ወይ ጉድ!

መዝገቡ እንዲህ ይላል፤ የገባበት 8፣ የወጣበት 10። ስምንቱ በነሱ ሰዓት ነው፣ ጠዋት፣ ጋሼ መ. ሳይመጡ የጻፍኩት። አሥሩ በኛ ነው! ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ በነሱ አሥራ ስድስት። ሬንጁ እንደ ወትሮው ስምንት ሰዓት ሙሉ ተዘፍዝፏል። ከመርዶው በኋላ እጄ እኔን ሳያማክር አገሩ ገብቷል። ሳቄ መጣ። ብቻዬን፣ በርሜል መሀል።

ለጋሼ መ. ደወልኩ። ተቆጡ፣ በራሳቸው። በቀትር ያረዳሁህ እኔ፣ ጥፋቱም የኔ አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ ፈረንጅ የኛን ሰዓት ከየት ያውቀዋል፣ አርብ ይለፍ፣ ዝም በል አሉኝ። ለዲግሪዬ አስበው ነው። እውነታቸውን ነው፣ ማንም አያውቅም።

እነወንድሜም ለኔ አስበው ነው ተሽሏታል እያሉ የጻፉልኝ። አሁን እኔ ደግሞ ለፕ/ር በሁለት ሰዓት ወጣ ልበል?

ሐሙስ ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ላብ. ባዶ ነው። መዝገቡን አወጣሁ። 10ን በአንድ መስመር ሰረዝኩ፣ 16 ጻፍኩ። ደንብ ነው፣ የተሰረዘ ቁጥር ጎን ምክንያት ይጻፋል። «የሰዓት ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። ይሄ ለፕ/ር አይበቃውም። ሁለት ዓመት ያልተሳሳተ ሰው ያን ቀን ምን ነካው ማለቱ አይቀርም።

ከሥሩ ጨመርኩ፣ በስዊድንኛ። እናቴ ሞተች።

እስካሁን እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም። ደብዳቤው ተሽሏታል አለ፣ ጋሼ መ. አረፉ አሉ። ሞተች ያልኩት እኔ ነኝ፣ በሰው ቋንቋ፣ ሬንጅ በነካው ጣቴ።

በነሱ ስምንት ሲሆን ፕ/ር ይገባል። መዝገቡን ገልጬ ጠረጴዛው ላይ አኑሬለታለሁ። ያሻውን ይበል። እንግዲህ ለገና አገሬ ነኝ። እሷ በሌለችበት ቤት።

አሁን ገና እንባዬ መጣብኝ። መሐረቤ ደግሞ ጋሼ መ. ጋ ቀርቷል። ሰው ሳይገባ ፊቴን ልታጠብ።