በእንቁራሪት ልብስ ያለችው ልጅ

ለውድ ታላቅ እህቴ ለቶሚኤ፤

የሳፖሮ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ኦሳካዎች ደህና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ አልለቀቀንም።

ባለቤቴ ቴሱኦ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤታችን በድሮ የቪዲዮ ጌም መጽሔት ተሞልቷል። "ጠፍተው እንዳይቀሩ" እያለ ስካን አድርጎ ኢንተርኔት ላይ ይጭናቸዋል። የተጨማደደውን ገጽ በእኔ ካውያ ይተኩሳል፤ ቀሚሴ ግን ወረፋ አይደርሰውም። ብራዚል ያሉ ሰዎች "መምህር" ይሉታል፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ አሮጌ ወረቀት ነጋዴ መስሏቸዋል።

ትናንት አንድ የማስታወቂያ ወረቀት አገኘ። እኔ በወጣትነቴ የእንቁራሪት ልብስ ለብሼ፣ እሠራበት በነበረው የጌም መሸጫ በር ላይ ቆሜ ያኔ ቴሱኦ ራሱ ያነሳኝ፣ አንቺ በሳቅ የሞትሽበት ፎቶ አለበት።

"ይቺ ቆንጆ ማን ናት?" አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ፣ "የሱቁ ሠራተኛ ናት" አልኩት።

"ባል አላት?"

"አላት፤ ግን ካውያዋን ቀምቷታል።"

"አይ፣ ዕድለኛ ሰውዬ!" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያም ከፎቶው ሥር "ስሟን የምታውቁ ንገሩን" ብሎ ጻፈ። ከየአገሩ ግምት እየጎረፈ ነው፤ እሱም እያንዳንዱን እያነበበ "ይሆን እንዴ?" ይለኛል።

እህቴ፣ ዘንድሮ አዲስ ዓመትን ሳትጠብቂ በዚሁ ወር ብትመጪልኝ ደስ ይለኛል። በሩን እሱ ከከፈተልሽ፣ መጀመሪያ ስምሽን ንገሪው።

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥልኝ።

ታናሽሽ ሳዮኮ