በሞዴል 22 ስለሚወጣው የልብ ማስነሻ

ለጽድ ጥላ የስፖርት ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣ ለክቡር አቶ ወንደሰን
የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ

እንደምን ሰንብተዋል ክቡርነትዎ? ጤናዎ ይብዛ፤ በተለይ ልብዎ ደህና ይሁን። እርስዎ ግቢ ውስጥ ልቡ የቆመ ሰው ምን እንደሚገጥመው በዓይኔ አይቻለሁና ምኞቴ ከአንጀቴ ነው። እኔ በሜዳዎ ላይ ሲሮጥ ወድቆ የሞተው የኮተቤው መምህር የገረሱ ባለቤት ነኝ፤ አርባውን ባለፈው እሑድ አወጣን። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ላስቀምጠው።

1. ቀጥ ያለን ልብ በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅሰውን መሣሪያ ስላስመጡልን እናመሰግናለን። ሪባኑ ሲቆረጥ እልል ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ። መሣሪያው በመስታወት ሳጥን ተቆልፎ፣ በማኅተም ታሽጎ፣ ቁልፉ በንብረት ክፍል ኃላፊዋ በወይዘሮ አስካለች እጅ መቀመጡ ጥንቃቄዎን ያሳያል። ሞዴል 22 የሚባለው የወጪ ቅጽ ሳይሞላ ንብረት አይወጣማ! ገረሱ ሲወድቅ ግን ወይዘሮ አስካለች ለቅሶ ሄደው ነበር። ባለቤቴ እስኪመለሱ መታገሥ አልቻለም፤ ይቅርታ ያድርጉለት።

2. ደረት ተጭኖ ነፍስ ማዳንን የሠለጠኑት የስድስት ሰዎች የምስክር ወረቀት በኮሪደሩ ላይ በሚያብረቀርቅ ፍሬም ተሰቅሏል። አራቱ መሥሪያ ቤት ከቀየሩ ቆይተዋል። የቀራችሁት እርስዎና ምክትልዎ ደግሞ፣ በየሁለት ዓመቱ መታደስ ያለበትን ሥልጠና ስብሰባ በዝቶባችሁ አምስት ዓመት ሙሉ አላደሳችሁትም። ያን ጠዋት ከገረሱ አጠገብ ሁለት እጅዎን ጭንቅላትዎ ላይ ጭነው ቆመው ነበር። ቦታው ጠፍቶዎት ነው እንጂ እጅ የሚጫነው ደረት ላይ ነበር።

3. የገረሱን ደረት የተጫነው ዘበኛው ቀጀላ ነው። «ጥበቃ በሠልጣኞች ዝርዝር አይካተትም» ስለተባለ ማንም አላሠለጠነውም፤ የአምቡላንስ ሰዎች በስልክ እየነገሩት፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ እነሱ እስኪደርሱ አላቋረጠም። መጀመሪያ ግን መስታወቱን በዱላው ሰብሮ መሣሪያውን አውጥቶልን ነበር። ባትሪው ሞቷል። ከምረቃው ቀን ወዲህ ከፍቶ ያየው ሰው የለማ! እግዜር ያሳያችሁ! ያስጠላል ክቡርነትዎ፤ የተሻለ ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

4. አሁን ደግሞ ቀጀላ «የማዕከሉን ንብረት ሆን ብሎ ሰብሯል» ተብሎ ከሥራ ታግዷል፤ ሰኞ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። በዚያ ግቢ ሥራውን የሠራ አንድ ሰው ቢገኝ እሱን ልታባርሩ? ተዉ፣ ነውር ነው! ባሌን አልመልስም፤ የዚህን ሰው እንጀራ ግን ዝም ብዬ አላስነጥቅም። ሰኞ ምስክር ሆኜ እመጣለሁ፤ ወንበር ከሌለ እቆማለሁ።

ለማኅተምዎ፣ ለመቆለፊያዎና ለተሰቀለው የምስክር ወረቀትዎ በሚገባው አክብሮት ሁሉ፣

ፈትለወርቅ አካሉ
ከኮተቤ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በማዕከሉ ስም የላካችሁት የአበባ ጉንጉን ቤታችን ሲደርስ፣ የገረሱ አስከሬን ገና ከሆስፒታል አልወጣም ነበር። እንዲህ የሚፈጥን ሠራተኛ ካላችሁ፣ እባክዎ የመሣሪያውን ቁልፍ ለእሱ ይስጡት።