ባሌን ሳልፈታ የዳረኝ በር

ለክቡር ኢንጂነር ሙፊድ ኸይረዲን
የመዝናኛ ስፍራዎች ምዘና ኮሚቴ ሰብሳቢ
እስክንድርያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ የአፍንጫዎ ጤና ያሳስበኛል፤ ኮሚቴዎ «የባሕር ዕንቁ»ን የከተማችን ምርጥ የቤተሰብ መዝናኛ ብሎ አንደኛ ሲያወጣው አፍንጫዎ በሥራ ላይ እንዳልነበረ ግልጽ ነውና። ጉንፋን ይዞዎት ከነበረ ፈጣሪ ይማርዎ። ጉንፋን ካልነበረ ደግሞ ከዚህ በታች የምጽፈውን በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

እኔ ኢንሺራሕ አብዱልገዋድ እባላለሁ፤ በሙሐረም ቤይ የሴቶች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ሰፈሩ ዛሬም እንደ ተማሪዎቼ «አብላ» እያለ ነው የሚጠራኝ። በሥራ ዘመኔ ፀደይ በመጣ ቁጥር ተማሪዎቼን መዝናኛ እየወሰድኩ፣ ሽክርክሪት ያዞራቸውን ስደግፍ፣ ባቡር ያስመለሳቸውን ሳጥብ ኖሬያለሁ። የልጅ ልጆቼ ለኢድ ከአስዋን ሊመጡ ስለሆነ፣ የትኛው ይሻል ይሆን ብዬ የእርስዎን የደረጃ መግለጫ ከጋዜጣ ላይ ቆርጬ፣ በቦርሳዬ ይዤ ዞርኩ። ያየሁትንም እነሆ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ኮሚቴዎ ለደረጃ ያላበቃቸው። በአንፉሺ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ሜዳው ላይ የተተከሉትን ጀልባ መሳይ የመውሊድ ዥዋዥዌዎች መግለጫዎ በስም እንኳ አላነሳቸውም። እውነት ነው፣ ቀለማቸው ይለቅቃል፤ ከጀልባዋ ስወርድ የቀሚሴ ጀርባ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ገመዳቸውም ቢቀየር አልጠላም። ነገር ግን ጀልባዎቹን በእጃቸው የሚገፉት ሽማግሌ፣ ዐም ዲያብ፣ ሁለት ወንድማማቾች ብቻቸውን መጥተው ሲሰለፉ «ማነው ያመጣችሁ?» ብለው ጠየቁ። ትንሹ «እግራችን!» አላቸው። «እግራችሁማ ጎበዝ ነው፤ በሉ አሁን በእጃችሁ አጥብቃችሁ ያዙ» ብለው ገፏቸው፤ ምርመራው በዚሁ አለቀ። አንዲት ልጅ ማልቀስ ስትጀምርም የሚወዛወዘውን ጀልባ በደረታቸው አቁመው አወረዷት። እንዲህ ያለ የደኅንነት መሣሪያ በአንደኛው ደረጃ መዝናኛዎ ውስጥ አላየሁም።

ሁለተኛ፦ ሁለተኛ የወጣው የማዘጋጃ ቤቱ አሮጌ መናፈሻ። ሁለተኛ ያሉት ሦስተኛ ስላልነበረ ብቻ እንደሆነ እገምታለሁ። ኩሬው አረንጓዴ ከመሆኑ የተነሳ ዳክዬዎቹ የሚዋኙ ሳይሆን የቆሙበት ይመስላሉ። መጸዳጃ ቤቱ ገብቼ የወጣሁት ትንፋሼን ይዤ ነው፤ ዝርዝሩን ለክቡርነትዎ ምሳ ሰዓት ስል እተወዋለሁ። አንበሳ ተብሎ በተጻፈበት ቤት ውስጥ አንዲት ድመት ተኝታ አገኘሁና ጠባቂውን ብጠይቀው፣ «አንበሳውማ ሞቷል እመቤቴ፤ ግን አትጠጊያት፣ ትናከሳለች» አለኝ። ቢያንስ እዚያ ሰው አይዋሽም።

ሦስተኛ፦ «የባሕር ዕንቁ»። መጀመሪያ ስለ በሩ። በወርቃማ ፊደል «ለቤተሰብ ብቻ» የሚል ተጽፎበታል፤ ክቡርነትዎም በመግለጫዎ «ለቤተሰብ ክብር የቆመ በር» ብለው አሞግሰውታል። ለዚህ አመሰግናለሁ፤ ቤተሰብ ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩት እዚያ በር ላይ ነውና። እርስዎም ቡና ቤት ተቀምጠው የባለቤትዎን ስም በሰው ፊት እንደማይጠሩ አልጠራጠርም፤ እንደ ሁሉም የአገራችን ወንድ «ቤተሰቤ ትንሽ አሟታል» ይላሉ። የእኔም ባል ኡስታዝ ወግዲ ከተጋባን ጀምሮ ለሰው ሲያስተዋውቀኝ «ቤተሰቤ» ነው የሚለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ የጨዋነት አነጋገር ሰው ይጎዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የመንገዳችን ፀጉር አስተካካይ ኡስታ ሸሐታ ከፊቴ ተሰልፎ ነበር፤ ባለፈው ክረምት ሚስቱ ሰናእ ሞታበታለች። ሁለት ወንዶች ልጆቹን፣ ትልቁን ሐይሰምንና ትንሹን ኑሕን፣ ግራና ቀኝ ይዟል። ልጆቹ ታጥበዋል፣ ፀጉራቸው ተስተካክሎ በዘይት ተለጥፏል፤ ይህን ቀን ለረጅም ጊዜ ሲጠብቁ እንደነበር ያስታውቃል። በር ጠባቂው «ቤተሰብህስ?» አለው። ኡስታ ሸሐታ የልጆቹን እጆች ከፍ አድርጎ «ይኸው» አለ። «ልጆቹንማ አየኋቸው፤ ቤተሰብህን ነው የምልህ።» «እነዚህስ ምንድን ናቸው? ግብጦ ቋጥሬ ነው የመጣሁት?» «ወንድሜ፣ ነገር አታርዝምብኝ፤ ሴትዮዋ የት አለች?» ኡስታ ሸሐታ የልጆቹን እጆች ዝቅ አደረገና «ቤተሰቤ ሞታለች» አለ።

ጠባቂውን አልወቅሰውም፤ ደንግጧል። «አላህ ይማራት» አለ። «ግን ትእዛዝ ነው፣ ወንድ ብቻውን አይገባም። እህት የለህም? አማት የለችህም? ማንም ትሁን፣ ብቻ ሴት ትሁን! እኔም እኮ ላጤ ነኝ፤ ይቺን ዩኒፎርም ባወልቃት እኔንም አያስገቡኝም።» ይህን ጊዜ ትልቁ ልጅ ሐይሰም እጁን ከአባቱ እጅ ቀስ ብሎ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። አባቱን ያዋረደው እሱ የሆነ መሰለው። ክቡር ሆይ፣ እኔ እዚያው ሰልፉ ላይ ቆሜ ተጸየፍኩ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ስለዚህ «ሸሐታ! ቆይልኝ ብዬህ አልነበረም?» ብዬ ጮኽኩ። ጠባቂው ስልሳ ያለፈኝን እኔንና አርባ ያልሞላውን ኡስታ ሸሐታን ተራ በተራ አየና «ሐጋ፣ ቤተሰቡ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። «ነኝ፤ ምነው፣ አልመስልም?» አልኩት። «ኧረ ይመስላሉ! ግቡ፣ ግቡ!» አለና በሩን በደስታ ከፈተልን። ባሌን ሳልፈታ፣ ያለ ኒካሕና ያለ ምስክር ተዳርኩ። ሸሪዓው ለወንድ እስከ አራት ሚስት ፈቅዷል፤ ሴት እስከ ስንት ባል እንደሚፈቀድላት ግን የሚያውቀው የእርስዎ ተሸላሚ በር ብቻ ነው።

ከበሩ ውስጥ የገባውን ሁሉ የሚያነሳ ፎቶ አንሺ ቆሟል። «ጠጋ በሉ እንጂ፣ ምን ያስፈራችኋል፣ ባልና ሚስት አይደላችሁ!» እያለ አጠጋጋን። በዚያው ቅጽበት የባሕሩ ነፋስ የጠባቂውን ባርኔጣ ነጥቆ ወሰደውና ኑሕ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀ። ይህን ፎቶ እባክዎ ያስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስንተኛ ላይ ነበርኩ? ግድ የለም። ስለ ውስጡ። በሰው ልክ የተሠራው ጥንቸል ልጆችን እያቀፈ ይስማል፤ በአንገቱ ቀዳዳ በኩል የሲጋራ ጭስ ይወጣዋል፣ ከእቅፉም የላብና የሽንኩርት ሽታ። የመዋኛው ውሃ ለብ ያለ ነው፤ ፀሐይ ያሞቀው መስሎኝ ነበር፣ ዙሪያውን በውሃው ውስጥ የተደረደሩትን ሕፃናት ፊት አይቼ ግን ምክንያቱ ሌላ መሆኑ ገባኝ። የሸርተቴው ግርጌ ላይ የአንድ ሰው የቁስል ፕላስተር ከነፀጉሩ ይንሳፈፋል፤ እየዞረ ሦስቴ ሰላም ብሎኛል። «የፍርሃት ቤት» በተባለው ጨለማ ውስጥ ደግሞ በአጽሙ ላይ የሠራተኞች ካልሲ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። ኑሕ አፍንጫውን ይዞ «አብላ፣ ጋኔኑ ሸንቷል» አለኝ። ከኮሚቴዎ ሪፖርት ሁሉ ይልቅ ይህ ትክክለኛ ምዘና ነው።

ወንድ ብቻውን አይግባ የተባለው ለምን እንደሆነ አላጣሁትም፤ ሴት ልጆቻችንን የሚጎነትሉ ጎረምሶችን ለመከልከል ነው፣ መልካም ሐሳብም ነበር። ሆኖም ጎረምሶቹ ሁሉም ውስጥ ነበሩ። በሩ ላይ ሶፍት የምትሸጠውን ምስኪን ሴት «እናታችን ናት» እያሉ በየተራ ይገቡባታል፤ እሷም አስገብታ ትወጣና የሚቀጥሉትን ትወልዳለች። አንዱ አንዲትን ልጅ ሲቆነጥጥ አይቼ አናቱን በጃንጥላዬ ብዬዋለሁ፤ ይህም በሪፖርትዎ ይካተትልኝ። እንግዲህ በርዎ ባለጌውን አስገብቶ አባትን የሚመልስ በር ነው፤ ኮሚቴዎ ይህን ሳያይ የቀረው አባላቱ ከነ«ቤተሰባቸው» ተጋብዘው ስለገቡ ይሆናል።

ኑሕ የመጣው ለትልቁ ሽክርክሪት ብቻ ነበር፤ ከላይ ሆኖ ባሕሩን ሊያይ። ሽክርክሪቱ ቆሟል። ሠራተኛው «ለኢድ ይነሳል፣ ለኢድ ና የኔ ጀግና» አለው። ስንወጣ ኑሕ ቀሚሴን ጎተት አደረገና በጣም በቁም ነገር ጠየቀኝ፦ «አብላ፣ ለኢድ የእኛ ትሆኛለሽ ወይስ ሌላ ሰው ወስዶሻል?» ኡስታ ሸሐታ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ሚኒባስ ከተሳፈርን በኋላ «አብላ፣ ውለታሽ በራሴ ላይ ነው። ከእንግዲህ ግን ልጆቼን በተውሶ እናት የትም አላስገባም» አለኝ።

አሁን ወደ ፎቶው። ባለፈው ሳምንት በባሕር ዳሩ መንገድ፣ ኮርኒሹ ላይ፣ ፎቅ የሚያህል ማስታወቂያ ተሰቀለ፦ «የባሕር ዕንቁ፣ እውነተኛ ቤተሰብ የሚገኝበት። በምዘና ኮሚቴው አንደኛ።» ከጽሑፉ በላይ እኔ፣ ኡስታ ሸሐታ፣ ሐይሰምና የሚስቀው ኑሕ አለን። የአትክልት ሻጯ ኡም ረጃእ ከመንገዱ ማዶ «አብላ፣ ሺ ጊዜ መብሩክ! ኡስታዝ ወግዲስ በሰላም ለቀቀሽ?» ብላ ሰፈሩን አሳቀችብኝ። ባሌ ማታ ገብቶ ጫማውን አወለቀ፣ ተቀመጠ፣ ከዚያ «ኢንሺራሕ» ብሎ በስሜ ጠራኝ። «ቤተሰቤን ኮርኒሽ ላይ ከፀጉር አስተካካዬ ጋር አየኋት። ተመችቷታል።» እኛ ስቀን አሳልፈነዋል።

ሐይሰም ግን አልሳቀም። ከዚያ ቀን ወዲህ ኡስታ ሸሐታ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው በጀርባው መንገድ ዞሮ ነው፤ ልጁ እናቱ ልትቆምበት በሚገባ ቦታ እኔን ቆሜ ማየት አልቻለም። እናቱ የሞተችበት ልጅ በገዛ ከተማው የባሕር ዳር መንገድ መሄድ አልቻለም ማለት ነው፣ ክቡር ሆይ። እርስዎም በዚያ ፎቶ ግርጌ ማኅተምዎን አኑረዋል። በሩ የመለሳቸውን ሰዎች በሩን ለማሞገስ ሰቀሏቸው። የኩሬው አረንጓዴ፣ የመዋኛው ውሃ፣ የጥንቸሉ እቅፍ ሁሉ ታጥቦ ይለቃል፤ ይህ ግን አሁንም ያቅለሸልሸኛል።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ደረጃውን የሚሰጡት እርስዎ ነዎትና፣ ከኢድ በፊት ማስታወቂያው እንዲወርድና በሩ ላይ የልጁን እጅ የያዘ አባት ሁሉ ቤተሰብ ተብሎ እንዲገባ ያዝዙልኝ። ይህ ከባድ ከሆነ ዐም ዲያብ በር ጠባቂውን በነጻ ሊያሠለጥኑልዎ ፈቃደኛ ናቸው።

ለአፍንጫዎ ሙሉ ጤና፣ ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለኮሚቴዎም ከግብዣ የጸዳ ዓመት እየተመኘሁ፣ በከፍተኛ አክብሮትና ከዚያ ባላነሰ ማቅለሽለሽ እሰናበታለሁ።

ኢንሺራሕ አብዱልገዋድ
የቀድሞ ርእሰ መምህርት፣
የኡስታዝ ወግዲ ሕጋዊ ሚስት፣
በእርስዎ ማኅተም ደግሞ የፀጉር አስተካካዩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስ ካላገኘሁ የኢድ ዕለት ከሶላት በኋላ በ«ባሕር ዕንቁ» በር ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። ሚስቱ የሞተችበት፣ የፈታ፣ ወይም ሚስቱ ሥራ ላይ የሆነችበት አባት ሁሉ ልጆቹን ይዞ ይምጣ፤ የሁሉም ቤተሰብ እኔ ነኝ፣ ጠባቂውም ያውቀኛል። ወንበሩን የሚሸከምልኝ ባሌ ነው፤ ለአንድ ቀን ለሕዝብ ለቅቆኛል። ኑሕን ብቻ በእኔ ስም አላስገባውም። አባቱን እንደምንም ለምኜ አመጣዋለሁ፣ ሦስቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ይገባሉ፤ እስኪገቡ ድረስም ከወንበሬ አልነሳም። ለፎቶ አንሺው ይንገሩልኝ፤ በዚያ በር እውነተኛ ቤተሰብ ሲገባ እንዳያመልጠው።